የኩራሞቺ ቤት ቀይ ውሃ

ሚቶ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1997

ለምወድህ ወንድሜ ሺጌቶ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እዚህ የሩዙ አጨዳ አልቋል፤ ጠዋት ጠዋት ከናካ ወንዝ የሚነሳው ጭጋግ እስከ ደጃችን ይደርሳል። ጀርመን ከዚህም ይበርዳል ሲሉ ስለምሰማ አንገቱን ሸፍኖ ይወጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔና ባለቤቴ ኖቦሩ ደህና ነን። አባባ ባለፈው ወር ሰማንያ አንድ ዓመት ደፈኑ። ሁሉን ይበላሉ፣ ሁሉንም ይቆጣሉ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለወግ አይደለም። የቤታችን እንጀራ የሆነው የተብላላ አኩሪ አተር፣ ናቶአችን፣ ታሟል። ከኦገስት ወዲህ ሲነሳ የሚለጠጠውን ክር አልሰጥ ብሏል። አኩሪ አተሩ ያው ነው፣ የምንጠቀልልበት የሩዝ ገለባ ያው ነው፣ የሚብላላበት ሙቅ ክፍልም ያው ነው። ከሃያ ሰዓት በኋላ ስንከፍተው ግን ፊቱ ላይ ያ ነጭ ብናኝ የለም። በመመገቢያ እንጨት ብታነሳው ሁለት ጣት ሳይለጠጥ ብጥስ ይላል። አንዲት የድሮ ደንበኛ የገዛችውን መልሳ አምጥታ፣ «ፉሳኤ፣ ይሄ እኮ ቅቅል ባቄላ ነው» አለችኝ። የት ልግባ? አራት ትውልድ በዚህ ሥራ የኖረ ቤት ነው።

ካማረልን ነገር አንዱን ልንገርህ። የጉድጓዳችንን ቀይ ውሃ መቼም አትረሳውም፤ ጨርቁን ሁሉ የዛገ የሚያስመስለውን። ኖቦሩ በጁላይ ማጣሪያ አስገጠመለት፤ አሁን ኩልል ያለ ነው። የጤና ተቆጣጣሪው አመስግኖን ሄደ። አባባ ግን ኖቦሩን «አቶ ንጹሕ» ብለው ስም አውጥተውለታል። በጋብቻ ገብቶ የቤታችንን ስም የወረሰ ሰው ምን ይመልሳል? ሳቅ ብሎ ያልፋል።

ሦስት ጥቅል ልኬልሃለሁ። የፖስታ ቤቱ ልጅ ሲያሸተው «የሞተ ነገር መላክ ክልክል ነው» አለኝ። ሕይወት ያለው ነው ብዬ አሳመንኩት። አንተ ባክቴሪያ የምታጠና ሰው ነህ፤ እናታችን ስትሞት አራት ዓመትህ ነበር፣ ያሳደግሁህም በዚሁ ናቶ ነው። ምን እንደነካው እይልኝ። ለአዲስ ዓመት ደግሞ ና።

እህትህ ፉሳኤ

*

ጀርመን፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1997

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ ፉሳኤ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው በረዶ እየጣለ ነበር። አንገቴን ሸፍኛለሁ፤ አትጨነቂ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለኖቦሩም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ጥቅሉን ቤተ ሙከራው ውስጥ ስፈታው ባልደረቦቼ በዚያ ብርድ መስኮት ከፈቱ። አንዷ የአለቃችንን ካልሲ ነው ብላ ነበር። እኔ ግን አንዱን ከሩዝ ጋር በላሁት፤ ክር ባይኖረውም አስለቀሰኝ።

ባክቴሪያዎቹን አየኋቸው። አልሞቱም፣ ቁጥራቸውም አልቀነሰም። ይበላሉ፣ ይራባሉ፤ ክሩን ብቻ አይሠሩም። ነገሩ ስለገረመኝ ለፕሮፌሰሩ አሳየሁት፤ እሱም ጊዜ ወስደህ ተመልከተው ብሎኛል። ሁለት ጠርሙስ ውሃ ላኪልኝ፤ አንዱ ከማጣሪያው በፊት የተቀዳ፣ አንዱ ከማጣሪያው በኋላ።

ለአዲስ ዓመት መምጣት አልችልም። ውሌ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ያበቃል። እዚህ እኔን የሚተካ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል። እንደምትረጂኝ አውቃለሁ።

ወንድምሽ ሺጌቶ

*

ሚቶ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1998

ለወንድሜ ሺጌቶ፣

አዲሱ ዓመት ጤናና ዕረፍት ይዞልህ ይግባ። የሩዝ ቂጣችንን አንድ ሰው ጎድሎን በላነው። ያንተን ድርሻ አባባ በሉትና «እሱ እንኳ ባይመጣ አሳሳቢ አይደለም፣ ናቶው ነው ያልመጣው» አሉ። እንዲህ ሲሉ ግን ፎቶህ ያለበትን ግድግዳ እያዩ ነበር።

ውሃዎቹን ልኬያለሁ። ቀይ ክር ያሰርኩበት የድሮው ነው።

የምንሸጥለት ሱፐርማርኬት ሰው ልኮ ነበር። ከረባት ያሰረ ለጋ ልጅ፣ ጫማውን አውልቆ ቁጭ ብሎ ሻያችንን እየጠጣ፣ እስከ ሴፕቴምበር ካልተስተካከለ መደርደሪያውን ለሌላ እንሰጣለን አለን። በጣም ይቅርታ እያለ ነው የተናገረው። ልጁ ከሄደ በኋላ ኖቦሩ ለረጅም ሰዓት ብርጭቆውን ሲያጥብ ቆየ። ይህ መደርደሪያ ከቀረብን ሥራው ያበቃል ሺጌቶ። በየቤቱ እየዞርን የምንሸጥበት ዘመን አልፏል።

ቶሎ ጻፍልኝ።

ፉሳኤ

*

ጀርመን፣ ማርች 22 ቀን 1998

ለውድ እህቴ ለእትዬ ፉሳኤ፣

ስለ ቆየሁብሽ ይቅር በይኝ። ሰላምና ጤና ለቤቱ ሁሉ እመኛለሁ። እዚህ ወፎቹ ተመልሰዋል፤ እኔ ግን ከቤተ ሙከራ ስለማልወጣ የምሰማው በመስኮት ብቻ ነው። ውሌ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ያሳደሰው የእኛ ቤት ባክቴሪያ ነው ብልሽ አታምኚኝም።

እንዳይሰለችሽ በቀላሉ ልንገርሽ። በባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፤ ምግቡን እየቆራረጡ ጉልበት የሚያወጡ። አር.ኤን.ኤ የሚባለውን ደግሞ ለሠራተኛ የሚላክ የትእዛዝ ብጣሽ ወረቀት ነው በይው። ሠራተኛው ሠራተኛ፣ ወረቀቱም ወረቀት ነው ተብሎ ነው የተማርነው። በእኛ ባክቴሪያ ውስጥ ግን አንደኛው ኢንዛይም የሚያስፈልገው ነገር ሲጎድልበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ምግብ መቁረጡን ይተውና ሄዶ ወረቀቶቹን ይይዛል። አንዱን ትእዛዝ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል፣ ሌላውን እንዳይነበብ ያፍነዋል። ክሩን ሥሩ የሚለው ትእዛዝ ከታፈኑት መካከል ይመስለኛል። ማንም ከዚህ ቀደም በእንዲህ ያለ ባክቴሪያ ውስጥ እንዲህ ጥርት አድርጎ አላየውም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቡድን እየተጠጋ ነው ይባላል፤ ፕሮፌሰሩ እንቅልፍ የለውም፣ እኔም የለኝም።

የጎደለበት ነገር ምን እንደሆነ ገና እያጣራሁ ነው።

በየወሩ አንድ ጥቅል ላኪልኝ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የምትሠሩበትን ምንም አትለውጡ። ውሃውን፣ ገለባውን፣ ሙቀቱን፣ ምንም። አንዱን ከቀየራችሁ የቱ ምን እንዳደረገ ማወቅ አልችልም።

ሺጌቶ

*

ሚቶ፣ ሜይ 17 ቀን 1998

ለወንድሜ ሺጌቶ፣

እንዴት ሰነበትክ? የሩዝ ማሳዎቹ ውሃ ሞልተዋል፤ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሌላ ነገር አያሰማም። ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ስለ ኢንዛይሙ ሲሰሙ፣ «ይሄ ምኑ አዲስ ነው? እኔስ የወለድኩት ሥራ ጥሎ ሄዶ ወረቀት የሚይዝ አይደለም?» አሉ። ኖቦሩ እንኳ ሳይወድ ሳቀ።

አሁን ግን የሚያስቅ ነገር የለም። ባለፈው ሐሙስ ኖቦሩ ከሥራ ቦታው ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «ማጣሪያው ይሆናል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ነገ አነሳዋለሁ» አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ይህን በሆዱ ይዞ ሲብሰለሰል መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ንጹሕ ውሃ እንዴት ይጎዳል እያልን ሁላችንም አንድ ቀን ጠርጥረን አንድ ቀን ስንተው ነበር። አባባ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ሰምተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ገና ነቃህ?» ብለው ጮኹበት። ተጣላን።

ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤህን አሳየሁት። «ሺጌቶ ምንም አትለውጡ ብሏል። እሱ የተማረበት ነው፣ እኛ ግን በግምት ነው» አልኩት። ኖቦሩ ፊደል በፊደል አነበበውና መፍቻውን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።

ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ውሃው ነው ወይስ አይደለም? ሰላምታም አያስፈልግህም፣ በፖስት ካርድ ይበቃኛል። ሴፕቴምበር ሩቅ አይደለም።

የዚህ ወር ጥቅል በዚሁ ውስጥ አለ።

ፉሳኤ

*

ጀርመን፣ ጁን 27 ቀን 1998

ለውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራው ፋታ አልሰጠኝም። ለአባባ ጉልበት የሚሆን ቅባት ልኬያለሁ። ለአንቺና ለኖቦሩ ደግሞ ቸኮሌት አለው።

ለጠየቅሽኝ ነገር አዎ ወይም አይደለም ማለት በእኛ ሙያ ቀላል አይደለም። ገና ምንም እርግጠኛ የሆነ ነገር የለም። ጥርጣሬ አለ፣ ግን ጥርጣሬን ቤተሰብ ላይ መጣል ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ይሆንብኛል። እስከ መከር ታገሱ። ማጣሪያውን እንዳታነሱ፣ አደራ እትዬ። ብታነሱት እስካሁን የላክሽልኝ ናሙና ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ ከዚህ በኋላም ቢያንስ ሁለት ጥቅል ያስፈልገኛል።

ለሱፐርማርኬቱ ሰው ጥናት እየተካሄደ ነው በሉት። ጀርመን ውስጥ ስትሉት ያከብራችኋል።

ሺጌቶ

*

ሚቶ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1998

ሺጌቶ፣

ጀርመን ውስጥ አልነው። በጣም አከበረን፤ ከዚያ መደርደሪያውን ወሰደ።

ሙቅ ክፍሉን ሴፕቴምበር 20 ላይ ዘጋነው። ፈቃዳችንን መለስን። ትልቁን የመቀቀያ ድስት የቁራጭ ብረት ነጋዴ ይወስደዋል። ኖቦሩ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ገብቷል፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ ልጁ የሚሆን ሰው በፉጨት ይጠራዋል። አባባ ባዶውን ክፍል ሊያዩ ሲገቡ ደፉ ላይ ተሰናክለው ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሱም። ከሾርባ በቀር የሚወርድላቸው ነገር የለም።

ናሙና ከእንግዲህ የለም። ቅባቱ ጥሩ ነበር።

አባባ ከአንተ ደብዳቤ መጣ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ጻፍ።

ፉሳኤ

*

ጀርመን፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1998

ለምወዳችሁ አባባ፣ እትዬ ፉሳኤና ኖቦሩ፣

ሰላም ለቤታችን ይሁን! የአባባን መውደቅ ሰምቼ ልቤ ተሰብሯል። ዛሬ ግን የሚያስደስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ በዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጽሑፋችን ታተመ። ከፊት ያለው ስም የእኔ ነው። ባክቴሪያውንም ኩራሞቺ ብዬ ሰይሜዋለሁ። አባባ፣ ስምዎ አሁን ዓለም በሚያነበው መጽሔት ላይ ነው።

አሁን መናገር እችላለሁ። ብረት ነው! ኢንዛይሙ ሥራውን የሚሠራው ሆዱ ውስጥ ብረት ሲኖር ነው። የእኛ ቤት ባክቴሪያ መቶ ዓመት ሙሉ የኖረው በቀዩ ውሃ ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ብረት ለምዷል። ማጣሪያው ብረቱን ሲወስድበት ኢንዛይሙ ወደ አር.ኤን.ኤው ሄደ፤ ክሩም ቀረ። ማጣሪያውን አንሱት! በመጀመሪያው ቀን ይመለሳል፤ እዚህ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ውሌ ለአምስት ዓመት ሆነ። ይህ ሁሉ ከእናንተ ነው።

የእናንተው ሺጌቶ

*

ሚቶ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1998

ሺጌቶ፣

ጽሑፍህን ጡረታ የወጣችው የእንግሊዝኛ መምህር፣ ወይዘሮ ኦኑኪ፣ ሳሎናችን ቁጭ ብላ ተረጎመችልን። ሦስት ሰዓት ፈጀባት። ኖቦሩ የፋብሪካ ልብሱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ አዳመጠ። የቤታችን ስም ሲጠራ ጎንበስ አለ።

ስትጨርስ ከርዕሱ ሥር በደቃቁ የተጻፈች አንዲት መስመር አየሁ። ይህችንስ አላነበብሽልንም አልኳት። «እሷ ምንም አይደለችም። ጽሑፉ መጽሔቱ ዘንድ የደረሰበት ቀን ናት» አለችኝ። ጁን 9 ይላል።

ተነሥቼ ደብዳቤህን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጁን 27 ይላል። ገና ምንም እርግጠኛ የሆነ ነገር የለም ይላል። አደራ ይላል።

አሥራ ስምንት ቀን። ጽፈህ፣ ጨርሰህ፣ ፈርመህ ከላክህ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ቆይተህ ነው አታንሱ ያልከን። ወይዘሮ ኦኑኪን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመሥራት ምን ያህል ይፈጃል ብዬ ጠየቅኋት፤ ወራት አለች። እንግዲያው ማርች ላይ ምንም አትለውጡ ስትለንም ታውቅ ነበር። ሁለት ጥቅል ያስፈልገኛል ስትልም፣ ታመን የምንቆይበትን ጊዜ እየለካህ ነበር። እኛ ደንበኛ ስናጣ አንተ የታመመውን ባክቴሪያ ከነበሽታው ትፈልገው ነበር። ባሌ መፍቻውን አንሥቶ ነበር ሺጌቶ። ከእጁ ያስጣልኩት እኔ ነኝ፣ በአንተ ቃል።

ኖቦሩ ከተንበረከከበት ተነሣ። ወጥቶ ማጣሪያውን ፈታው። ሁለት ጭብጥ አኩሪ አተር በቀዩ ውሃ ዘፈዘፈ፣ በማግስቱ በወጥ ቤት ድስት ቀቀለው፣ በገለባ ጠቀለለው፣ እግራችንን ከምናሞቅበት ጠረጴዛ ሥር በብርድ ልብስ ሸፍኖ አስቀመጠው። ከሃያ ሰዓት በኋላ ከፈትነው። ነጩ ብናኝ ነበረ። በእንጨት አነሳው፤ ክሩ እስከ ደረቱ ተለጠጠ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለአባባ ወሰድንላቸው። መዋጥ አይችሉም፣ ግን ክሩን አዩት፣ አሸተቱት።

«ማን አገኘው?» አሉኝ።

«ሺጌቶ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሰሞኑን ነው አባባ። እንዳወቀ ወዲያው ጻፈልን።»

«ጎበዝ» አሉ። «እንዳይዘገይ የሚችለውን አድርጓል።»

ስለ አንተ ዋሸሁ። ከእንግዲህ ግን ስለ አንተ የምዋሸው ውሸት አልቆብኛል። ሥራውን እንደገና ጀምሩ እንዳትለኝ። ድስቱ ሄዷል፣ ፈቃዱ ሄዷል፣ መደርደሪያው ላይ የሌላ ሰው ናቶ ተሰልፏል። ክሩ ብቻ ነው የተመለሰው።

ፉሳኤ

*

ጀርመን፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1998

እትዬ፣ እናቴ፣

ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ የሚያነሳው የለም። ተቆጥታችሁ እንደሆነ ገባኝ። ብቻ አባባን አገናኙኝ፣ ሌላ አልጠይቅም። ወይም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዢላቸው፣ እኔ ልናገር።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ፕሮፌሰሩ ከመታተሙ በፊት ለማንም እንዳልተነፍስ አስፈርሞኝ ነበር፤ ለእናትህም ቢሆን አለኝ። እናት የለኝም፣ እህት ብቻ ናት ያለችኝ ስለው ሳቀ። አሜሪካኖቹ ቢቀድሙን ፌብሩዋሪ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ደጃችሁ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ምን ትይኝ ነበር? ናቶው ጥቂት ወር ይታገሳል ብዬ ነው። መደርደሪያ ይመለሳል፣ ሳይንስ ውስጥ ግን ሁለተኛ የወጣ ሰው የለም። ማለቴ፣ እንዲህ አስቤ ነበር። አሁን ስጽፈው ለራሴም ያስጠላኛል።

ዲሴምበር 29 እመጣለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ።

ሌላ ቀን ብጠይቅሽ ደስ ባለኝ ነበር፣ ግን ቀኑ ስለተቆረጠብኝ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ባክቴሪያው በባለቤቱ ፈቃድ የተሰጠ መሆኑን የሚያሳይ ፊርማ ይፈልጋል። ቅጹን አያይዣለሁ። አባባ እጃቸው ከደከመ በፊርማ ፋንታ የስም ማኅተማቸውን ቢያሳርፉበት ይበቃል።

ታናሽሽ ሺጌቶ

*

[የታተመ ካርድ፣ ግራጫ ጠርዝ ያለው]

ሐዘን ላይ በመሆናችን በመጪው አዲስ ዓመት የመልካም ምኞት ካርድ እንደማንልክ በትሕትና እናሳውቃለን።

አባታችን ኩራሞቺ ታሜኪቺ ኖቬምበር 20 ቀን በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ ስላደረጉላቸው በጎ ነገር ሁሉ እርስዎን ከልብ እናመሰግናለን። መጪው ዓመት የሰላም ይሁንልዎ።

ዲሴምበር 1998
ኩራሞቺ ኖቦሩ፣ ፉሳኤ

[ከሥሩ በእጅ የተጻፈ]

የላኩት ቅጽ ደርሶናል። የባለቤቱ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶውን ተመልሷል፤ ባለቤቱ አርፈዋል። ማኅተማቸው ከእሳቸው ጋር ሄዷል።

ይህ ካርድ የሚላከው ለደንበኛና ለሩቅ ወዳጅ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ለሟች ልጆች አይላክም፤ ሐዘኑ የእነሱ ስለሆነ በፖስታ የሚነግራቸው የለም። ሰባ አሳትመን አንዱ ተረፈን፤ አድራሻዎን ከናሙና መላኪያው ደብተር ላይ አገኘሁት።

ዲሴምበር 29 እንግዳ አንቀበልም። እዚያ አገር ሺጌቶ የሚባል ልጅ የሚያውቁ ከሆነ ግን፣ አባቱ እንደሞቱ ይንገሩልን።